ወራሪ አይጥን በምን እንከላከል? ወጥመድ፣ መርዝ፣ አጥር ወይስ ድመት

አይጥ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የተቀደደ የጤፍ ጆንያ ወይም ኮርኒስ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚሯሯጥ ነገር ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ግን የአይጥ ወሬ የወፍ ወሬ ነው። አገሪቱ ከሌሊት ወፍ በቀር የራሷ የሚባል የየብስ አጥቢ እንስሳ አልነበራትም። ወፎቿ አሽትቶ የሚያድን ጠላት ሳያውቁ፣ መሬት ላይ ጎጆ እየሠሩ፣ አንዳንዶቹም መብረር እየተው ኖሩ። ከዚያ አይጥ በመርከብ መጣ። ትንሹ ኪዮሬ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ከአገሪቱ ነባር ሕዝብ ከማኦሪዎች ጋር ገባ። ትልቁ የኖርዌይ አይጥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአውሮፓ መርከቦች ወረደ። ዛፍ ላይ እንደልቡ የሚወጣው የመርከብ አይጥ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተስፋፋ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አይጥ ያን ያህል ይጎዳል ወይ ለሚል ሰው በኒውዚላንድ ደቡብ ጫፍ ያለችው የቢግ ሳውዝ ኬፕ ደሴት ታሪክ ይበቃል። በ1964 የመንግሥት የዱር እንስሳት ባለሙያዎች እዚያ ሲደርሱ የመርከብ አይጥ ደሴቱን ወሮታል። ሳድልባክ ከሚባለው ወፍ 36 ይዘው አይጥ ወደሌለባቸው ሁለት ትናንሽ ደሴቶች አሻገሩ። ዛሬ በደቡብ ኒውዚላንድ ያለው ሳድልባክ ሁሉ የእነዚያ 36 ዘር ነው። እዚያው ደሴት ላይ የነበሩት አንድ የስናይፕ ወፍ ዓይነትና ቡሽ ሬን የምትባለው ትንሽ ወፍ ግን አልተረፉም፤ ዘራቸው ጠፋ። ከዚያ በፊት አይጥ የወፍ ዘር ያጠፋል መባሉን የሚጠራጠሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ መሣሪያው ሆነ። በ2016 የኒውዚላንድ መንግሥት አይጥን፣ ፖሰም የሚባለውን ባለ ከረጢት እንስሳና ስቶት የሚባለውን ሥጋ በል ከነቤተሰቡ እስከ 2050 ከአገሪቱ አጠፋለሁ ብሎ ሲነሳ፣ ወጥመድና መርዝ ማወዳደር የሰፈር ሰው ወሬ ሆነ።

ማወዳደሩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው "የትኛው ብዙ አይጥ ይገድላል?" ብሎ ሲጀምር ነው። ስንት አይጥ መሞቱ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ምርጫውን የሚወስኑት ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ናቸው።

መጀመሪያ፦ አይጡ የማን ነው?

ይህን ጽሑፍ አንብቦ ነገ ሳኔቲ ሜዳ ላይ መርዝ ልበትን የሚል ሰው እንዳይኖር አደራ። በባሌ ተራሮች ያሉት አይጦችና ፍልፈሎች ባለቤቶች ናቸው። ትልቁ የባሌ ፍልፈል ከባሌ በቀር የትም ዓለም ላይ የለም። ቀይ ቀበሮ ደግሞ የሚኖረው እነሱን በልቶ ነው። አይጥ የሌለበት ሳኔቲ ማለት ቀይ ቀበሮ የሌለበት ሳኔቲ ማለት ነው። እኛ አገር የቤትና የጎተራ አይጥ ሌላ፣ የደጋው ሜዳ አይጥ ሌላ። ለቤቱ የተገዛ መርዝ ሜዳ ከወጣ አይጡን አንስቶ የሚበላው ጭልፊት፣ ጉጉትና ቀበሮ ነው የሚሞተው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሠራው አይጡ በሰው እጅ ወይም በሰው መርከብ መጥቶ፣ ከእሱ ጋር አብረው ያላደጉ ወፎችን፣ እንሽላሊቶችንና ነፍሳትን እየጨረሰ ባለበት ቦታ ነው።

ቀጥሎ፦ ሲያልቁ ይመለሳሉ ወይ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ከባሕር ማዶ ብቻዋን ያለች ደሴት ላይ የመጨረሻዋን አይጥ ከገደላችሁ ሥራው አለቀ። ከጎኑ ሌላ ደን ያለው ደን ውስጥ ግን ዛሬ ያጸዳችሁትን ቦታ በጥቂት ወራት ውስጥ የጎረቤት አይጥ ይይዘዋል። አይጥ እርግዝናዋ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። ቦታና ምግብ ካገኘች ማንም አይቀድማትም። የመጀመሪያው ቦታ ማጥፋት ይቻላል። ሁለተኛው ቦታ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው ያለው አማራጭ፣ እሱም ማብቂያ የለውም። ሁለቱ ለየቅል መሣሪያ፣ ለየቅል በጀት ይፈልጋሉ።

ደሴት ሲባልም ምን ያህል ትራቅ? በ2004 ተመራማሪዎች አንድ ወንድ የኖርዌይ አይጥ አንገቱ ላይ የሬዲዮ ማሰሪያ አድርገው፣ አይጥ በሌለባት ሞቱሆሮፓፓ በምትባል የኒውዚላንድ ደሴት ላይ ሆን ብለው ለቀቁት። እንቅስቃሴውን አጥንተው በፈለጉ ጊዜ ሊይዙት ነበር ሐሳባቸው። አልሆነም። ወጥመዱንም መርዙንም ውሻውንም አመለጠ። ከዚያ 400 ሜትር ክፍት ባሕር ዋኝቶ ሌላ ደሴት ገባ። የተያዘው ከተለቀቀ ከ18 ሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም የፔንግዊን ሥጋ በተደረገበት ወጥመድ። ከዚህ ታሪክ እኔ የምወስደው ዋናቱን አይደለም። አንዲት አይጥ ከሺህ አይጥ ይልቅ ትከብዳለች። ብቻዋን ስትሆን ምግቡ ሁሉ የእሷ ነው፤ የእናንተን ማባበያ ለምን ትነካለች?

ወጥመድ

ግቢ ላለው ሰውና ለትንሽ ደን ጠባቂ ቡድን የመጀመሪያ ምርጫዬ ወጥመድ ነው። ያያችሁትን ትቆጥራላችሁ፣ የሞተው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ጎረቤት ውሻ አይሞትም።

ግን ወጥመድ ሁሉ አንድ አይደለም። ሱቅ የሚገኘው ባለ ስፕሪንጉ ተራ ወጥመድ ለአይጥ በቂ ነው፤ ሜዳ ላይ ባዶውን ከተቀመጠ ግን ወፍ ይሰብራል። የግድ ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት። ኒውዚላንዶች በብዛት የሚጠቀሙበት ዶክ 200 የሚባለው ወጥመድ ከእንጨት በተሠራ ረዘም ያለ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የሳጥኑ መግቢያ በሽቦ ወንፊት ተሸፍኖ መሐሉ ላይ አይጥ የምታልፍበት ቀዳዳ ብቻ ይተዋል። ወደ ውስጥ ደግሞ ሁለተኛ ወንፊት አለ፤ የእሱ ቀዳዳ ከመጀመሪያው ጋር ፊት ለፊት አይገጥምም። አይጧ ጥግ ይዛ ታጥፋ ትገባና ብረቱን ትረግጣለች። መሬት ለመሬት የሚሄድ ወፍ እግሩንም መንቁሩንም እዚያ ድረስ አያደርስም። ክዳኑ በብሎን ይታሰራል፣ ልጅም እንዳይከፍተው። ዶክ 200 ከአይጥ አልፎ ስቶትንም ይገድላል፤ ጣትም ስለሚሰብር መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ይሁን።

ማባበያው የለውዝ ቅቤ ነው። ቺዝም ሥጋም ይሞክራል ሰው፤ የለውዝ ቅቤ ግን ርካሽ ነው፣ ሽታው ሩቅ ይሄዳል፣ ጉንዳን ካልጨረሰው ይቆያል። አይጥ አዲስ ነገር ትጠራጠራለች። ስለዚህ ሳጥኑን አስቀምጣችሁ ወጥመዱን ሳትደግኑ ጥቂት ቀን በነፃ አብሏት። ስትለምድ ደግኑ። ብዙ ሰው ይህቺን ትዕግሥት ያጣና "የኛ አይጥ ብልጥ ናት" ይላል።

ደን ውስጥ የተለመደው አቀማመጥ በ100 ሜትር ልዩነት መስመር ማውጣትና በየመስመሩ በ50 ሜትር አንድ ወጥመድ መትከል ነው። ከዚያ ከራቀ መሐል ላይ ወጥመድ ሳታገኝ የምትኖር አይጥ ትተርፋለች። ከተማ ውስጥ ከአምስት ግቢ አንዱ ወጥመድ ይኑረው የሚል ቀላል መለኪያ አላቸው። ይሄ ደስ ይለኛል። ሁሉም ጎረቤት እስኪስማማ አያስጠብቅም።

በጋዝ ራሱን መልሶ የሚደግነው ኤ24 የሚባለው ወጥመድስ? በአንድ ጋዝ 24 ጊዜ ይመታል፣ ማባበያውንም ራሱ እየጨመቀ ለወራት ያቆያል። ሰው በየሳምንቱ ሊደርስበት ለማይችል ገደላማ ቦታ ጥሩ ነው። ዋጋው ግን ከተራው ወጥመድ ብዙ እጥፍ ስለሆነ በአንዱ ገንዘብ ብዙ ሳጥን ይገዛል። ጉልበት ያለው በጎ ፈቃደኛ ካላችሁ እኔ ሳጥኑን እመርጣለሁ። ጉልበት ከሌላችሁ ኤ24።

የሚያጣብቀውን ካርቶን ከቤት ውጪ በጭራሽ። ወፍም እንሽላሊትም ይለጠፍበታል፣ አይጧም ብትሆን ቀስ ብላ ነው የምትሞተው። ኒውዚላንድ ከ2015 ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ከልክላዋለች።

መርዝ

የወጥመድ ችግሩ የመጨረሻዋን አይጥ አለማግኘቱ ነው። ትልቅ ደሴት ላይ ደግሞ ገደሉ ሁሉ ስር ወጥመድ ማኖር አይታሰብም። እስካሁን በዓለም ላይ ከትልልቅ ደሴቶች አይጥ የጠፋው በመርዝ ነው።

ብሮዲፋኩም የሚባለው መርዝ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። አንድ ጊዜ መብላት ይበቃል፣ ሞቱ ግን ከቀናት በኋላ ነው። ይህ መዘግየት ነው ጉልበቱ፤ አይጧ ሞቷን ከምግቡ ጋር አታገናኘውም። በ1988 ኒውዚላንዶች 170 ሄክታር የሆነችውን ብሬክሲ ደሴትን በማባበያ ሳጥን አጸዱ። በ2001 ደግሞ 11,300 ሄክታር የሆነችውን ካምቤል ደሴትን በሄሊኮፕተር 120 ቶን ማባበያ በትነው በአንድ ክረምት፣ በብርዱ ወቅት ማለት ነው፣ ጨረሱ። በክረምት የሆነው በምክንያት ነው። አይጧ ርቧታል፣ አትወልድም፣ ብዙው የባሕር ወፍም ቦታው ላይ የለም። ከዚያ ደቡብ አትላንቲክ ውስጥ ያለችው የእንግሊዝ ደሴት ደቡብ ጆርጂያ መጣች፦ ከ2011 እስከ 2015 ተረጭቶ በ2018 ከአይጥ ነፃ ተባለች። ወጪው 10 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው። ውድ ነው? አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ወጪ ነው።

አሁን ወደ ጉዱ። "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" የሚለው ተረት ለብሮዲፋኩም የተተረተ ይመስላል። መርዙ የበላው እንስሳ ጉበት ውስጥ ለወራት ይቆያል። ያንን እንስሳ የበላ ሌላ እንስሳ ይወስደዋል። በ2008 አላስካ ውስጥ ራት አይላንድ የምትባለው ደሴት ስትጸዳ አይጡ ጠፋ፤ ግን ከ40 በላይ ራሰ ነጭ ንስሮችና በመቶ የሚቆጠሩ የባሕር ወፎች ሞተው ተገኙ። ደሴቷ ዛሬ ወፍ ሞልቶባታል፣ ስሟም ሐዋዳክስ ተብሏል። ትርፉ ከኪሳራው በለጠ ማለት ይቻላል። ያ ሒሳብ ግን አንድ ጊዜ ለሚረጭበት ደሴት እንጂ በየዓመቱ ለሚረጭበት ደን አይሠራም። ደጋግሞ ብሮዲፋኩም መበተን ጉበት ውስጥ ማጠራቀም ነው። ይህን ልዩነት የማያይ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ።

ለየብስ ለዘብ ያሉ አሉ። ዳይፋሲኖን እንደ ብሮዲፋኩም ደም ያቀጥናል፤ ሰውነት ውስጥ የሚቆየው ግን ለአጭር ጊዜ ነው። ጉድለቱ ግን አይጧ ለተከታታይ ቀናት መብላት ያለባት መሆኑ ነው፤ ሳጥኑ አንድ ቀን ባዶ ከዋለ ልፋቱ ገደል ገባ። ኮሌካልሲፌሮል የቫይታሚን ዲ ዓይነት ነው፤ ደም ውስጥ ካልሲየም አብዝቶ ይገድላል፣ ለወፍ የሚያሰጋው ያነሰ ነው። ሁሉም ቢሆኑ በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ እንጂ መሬት ላይ አይጣሉም። ውሻ ደም የሚያቀጥነውን ከበላ መድኃኒቱ ቫይታሚን ኬ1 ስለሆነ ሳይዘገይ የእንስሳት ሐኪም ጋ ይወሰድ። መንገድ ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ስም የሌለው መርዝ ግን አትግዙ። ውስጡ ምን እንዳለ ካልታወቀ ሐኪሙም ምን እንደሚሰጥ አያውቅም።

1080 የሚባለው ጭቅጭቅ

ኒውዚላንድ ውስጥ ስለ ፖለቲካ አውርተው የማይጣሉ ሰዎች ስለ 1080 ይጣላሉ። "ቴን ኤይቲ" ይሉታል። ሶዲየም ፍሎሮአሲቴት ነው፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይሠራበታል። ከሄሊኮፕተር ይረጫል፣ መጀመሪያ መርዝ የሌለበት ተመሳሳይ ማባበያ ይበተንና አይጡ ይለምዳል። አፈርና ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል እንጂ እንደ ብሮዲፋኩም አይጠራቀምም። አይጡን የበላ ስቶትም አብሮ ይሞታል። ለወፎቹ እሱ ትርፍ ነው።

በሌላ በኩል መድኃኒት የለውም። ውሻ በትንሹ ይሞታል። ኬያ የምትባለዋ የተራራ በቀቀን ማባበያውን ነካክታ የምትሞትበት ጊዜም አለ። በዚያ ላይ አይጡ ይመለሳል፤ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ደኑ እንደነበረው ነው። ታዲያ ምን ይረባል? ቢች የሚባሉት የደኑ ዛፎች በአንዳንድ ዓመት ፍሬ ሲያዝረከርኩ አይጥ እንደ ጉድ ይራባል፣ ፍሬው ሲያልቅ ወደ ወፍ ጎጆ ይዞራል። በዚያ አንድ ወቅት አይጡን ዝቅ ካደረጋችሁ ጫጩቶቹ ለመብረር ይበቃሉ። መንገድ ለሌለው በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሄክታር ተራራ ከዚህ የሚስተካከል መሣሪያ እስካሁን አላየሁም። ለትንሽ ደንና ለመኖሪያ አካባቢ ግን አይታሰብም፤ ያለ ፈቃድም እጅ አይገባም።

አጥር

አጥር የብስ ላይ ደሴት መሥራት ነው። ዌሊንግተን ከተማ ውስጥ ያለችው ዚላንዲያ 225 ሄክታሯን 8.6 ኪሎ ሜትር አጥር ከባታለች። አጥሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ወንፊቱ ጠባብ ነው፣ ከላይ ወደ ውጭ የተጠማዘዘ ቆርቆሮ አለው፣ ከታች ደግሞ ወንፊቱ ወደ ውጭ ታጥፎ መሬት ውስጥ ተቀብሯል። ለምትዘለውም፣ ለምትወጣውም፣ ለምትቆፍረውም መልስ አለው። ማውንጋታውታሪ የሚባለው ሌላ የጥበቃ ቦታ ደግሞ አንድ ሙሉ ተራራ በ47 ኪሎ ሜትር አጥር ከቦ ይዟል። ዚላንዲያ ውስጥ ተዋልደው የበዙት ካካ የሚባሉ በቀቀኖች ከአጥሩ በላይ በረው የከተማው ሰው በረንዳ ላይ መታየት ጀምረዋል።

የአጥር ጠላቱ ዛፍ ነው። አንድ ዛፍ በነፋስ ወድቆ ከጣሰው ሌሊቱን ይገባሉ። ትንንሾቹን የቤት አይጦች ደግሞ አጥርም ሙሉ በሙሉ አያቆማቸውም። ጠባቂ፣ ማንቂያና የጥገና ገንዘብ ለአሥርት ዓመታት ዋስትና ከሌላችሁ አትጀምሩት። በአጥሩ ገንዘብ ወጥመድ ገዝታችሁ ሰው ብትቀጥሩ ይሻላል።

ድመት ማሰማራት

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። አይጥ ትይዛለች፣ እውነት ነው። ወፉንም ትይዛለች። ሎርድ ሃው የምትባለው የአውስትራሊያ ደሴት በ1918 ማካምቦ የተባለች መርከብ ባሕር ዳርቻዋ ላይ ተጣብቃ አይጥ ገባባት። በ1920ዎቹ አይጡን ይብሉልን ብለው ከሌላ ቦታ ጉጉት አመጡ። ጉጉቶቹ የደሴቲቱን ወፎችም በሉ፣ አይጡ እንደሆን ከመቶ ዓመት በኋላም እዚያው ነበረ። በ2019 አይጡን ለማጥፋት መርዝ ሲረጭ ጉጉቶቹም አብረው እንዲጠፉ ተደረገ። ሐዋይ ደግሞ በ1883 ለሸንኮራ አገዳው አይጥ ብላ ፋሮ አስመጣች፤ ፋሮው ቀን ይወጣል፣ አይጡ ሌሊት። እስራኤል ውስጥ ገበሬዎች ለጉጉት ሳጥን እየሰቀሉ የማሳ አይጥ የሚቀንሱት ለእርሻ መልካም ነው፤ ጉጉቱ የአገሩ ልጅ ነውና። ለወፍ ጥበቃ ግን አዳኝ ላይ አዳኝ መጨመር ከዝርዝሩ ይውጣ። ሶኬት ላይ ተሰክተው "በድምፅ ያባርራሉ" የሚባሉትንም እዚያው ጣሉልኝ።

መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ?

የሞተ አይጥ በመቁጠር አይደለም። መቶ ገድላችሁ ሁለት መቶ ተወልዶ ይሆናል። የተለመደው ዘዴ ርካሽ ነው፦ ጠባብ ዋሻ መሳይ ሳጥን፣ ውስጡ ካርቶን፣ መሐሉ ላይ ቀለም፣ ትንሽ የለውዝ ቅቤ። አይጧ ስታልፍ ዱካዋን ካርቶኑ ላይ ትታ ትሄዳለች። ለአንድ ሌሊት ታኖሩና ከሳጥኖቹ ስንት በመቶው ላይ ዱካ እንዳለ ታያላችሁ። ብዙ የኒውዚላንድ ቡድኖች የሚያነጣጥሩት 5 በመቶና ከዚያ በታች ነው። ይህን ሥራው ሳይጀመር አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በየወቅቱ አድርጉት። ጎን ለጎን ጎጆ ቁጠሩ፤ ከስንቱ ጎጆ ጫጩት በረረ? አይጡ ቀንሶ ጫጩቱ ካልጨመረ ጥፋተኛው ሌላ ነው፤ ምናልባት ስቶት፣ ምናልባት የጎረቤት ድመት።

ካለቀ በኋላ

ደሴት አጽድታችሁ ከሆነ በጀቱ አያልቅም፤ መልኩን ይለውጣል። ሎርድ ሃው ላይ በ2019 ተረጨ፣ በ2021 ሕያው አይጥ ታየ። እንደገና ወጥመድ፣ ካሜራና አሽታች ውሻ ይዘው ማሳደድ ነበረባቸው። ስለዚህ ወደብ ላይ ቋሚ ወጥመድና የዱካ ሳጥን ይኑር። ወደ ደሴቱ የሚሄድ ዕቃ በካርቶንና በጆንያ ሳይሆን በሚገጠም የፕላስቲክ ሳጥን ይጫን። የተከፈተ ቦርሳ መሬት ላይ አይደር። ኒውዚላንድ ውስጥ ወደ አንዳንድ ደሴቶች የሚሄድ ሠራተኛ ሻንጣውን ይዞ አይጥ ወደማያስገባ ክፍል ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ ዕቃው አንድ በአንድ ወጥቶ ይፈተሻል፤ ካልሲው ሳይቀር።